ንጹሕና በቂ ኃይል ያለው የሄድፎን አምፕሊፋየር አመራረጥ፦ ከቂሊንጦ ነዋሪ አንጻር የቀረበ ስሌታዊ ዳሰሳ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በቤቱ በሄድፎን ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው አምፕሊፋየር ያስፈልገው እንደሆነ፣ ካስፈለገውም የትኛውን መምረጥ እንዳለበት በቀላል ስሌት የሚወስንበትን መንገድ ያሳያል። ስሌቱ የሚነሣው ከሄድፎን አምራቾች ዝርዝር መግለጫ ሲሆን፣ ውጤቱ የሚመዘነው በቂሊንጦና በአካባቢው ካለው የመኖሪያና የኤሌክትሪክ ሁኔታ ጋር ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ የአምፕሊፋየርን ዋጋ ከፍ የሚያደርጉት ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም ከፍተኛው ዋትና እጅግ አነስተኛው የመዛባት መጠን፣ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ለጆሮ የሚጨምሩት ነገር የለም። በአንጻሩ ብዙ ጊዜ የማይወሱት የውጤት ኢምፒዳንስ፣ የጌይን መጠንና የግራውንድ አያያዝ በየዕለቱ የሚሰማ ልዩነት ያመጣሉ።

1. መግቢያ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የመድኃኒት አምራቾች የኢንዱስትሪ ፓርክና የኮንዶሚኒየም መንደሮች ጎን ለጎን የሚገኙባት የከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ናት። ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ሕንፃም ሆነ በተማሪዎች መኝታ ክፍል በማታ ሙዚቃ ለመስማት ጎረቤትን የማያውክ መንገድ ቢኖር ሄድፎን ነው። ጥሩ ሄድፎን ያገኘ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ “አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል” የሚል ምክር ይደርሰዋል።

ምክሩ በዋጋ ሲተመን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። በውጭ አገር 100 ዶላር የሚሸጥ አምፕሊፋየር፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ፣ ከ5,700 ብር ወደ 12,000 ብር አድጓል ማለት ነው። ስለዚህ “ያስፈልገኛል ወይስ አያስፈልገኝም?” የሚለው ጥያቄ ከስሜት ይልቅ በስሌት ሊመለስ ይገባዋል። ለዚህ የሚበቃው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና በሄድፎኑ ካርቶን ላይ የታተሙ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

2. ምን ያህል ኃይል ይበቃል?

ሁለቱ ቁጥሮች ኢምፒዳንስና ሴንሲቲቪቲ ናቸው። ኢምፒዳንስ ሄድፎኑ ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን በኦም ይለካል። ሴንሲቲቪቲ ደግሞ ሄድፎኑ አንድ ሚሊዋት ኃይል ሲሰጠው ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ይናገራል። አንዳንድ አምራቾች በአንድ ሚሊዋት ፈንታ በአንድ ቮልት ስለሚገልጹት፣ አንባቢው ቁጥሩን ከመውሰዱ በፊት መለኪያውን ማረጋገጥ አለበት።

ቀጥሎ የሚወሰነው የምንፈልገው የድምፅ ጣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ደረጃ መሠረት፣ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፦ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 80 ዴሲቤልን እንደ አማካይ የማዳመጫ መጠን እንውሰድ። ጥሩ ሆኖ የተቀዳ ሙዚቃ ለቅጽበት ከአማካዩ 25 ዴሲቤል ያህል ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህ 105 ይሆናል። ለመጠባበቂያ 5 ዴሲቤል ስንጨምር ጣሪያችን 110 ዴሲቤል ነው። ይህ ቁጥር ለቅጽበታዊ ከፍታ የተቀመጠ እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚደመጥ መጠን እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል።

በዴሲቤል ስሌት 10 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ አሥር እጥፍ፣ 3 ዴሲቤል ለመጨመር ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። የሚያስፈልገው ቮልቴጅ የኃይሉና የኢምፒዳንሱ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። በዚህ መሠረት ሦስት የታወቁ ሄድፎኖችን እንመልከት።

ሀ/ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ፣ ባለ 32 ኦም። ሴንሲቲቪቲው በሚሊዋት 96 ዴሲቤል ነው። 110 ለመድረስ 14 ዴሲቤል ይጎድለዋል፤ ይህም 25 ሚሊዋት፣ 0.9 ቮልትና 28 ሚሊአምፒር ይጠይቃል።

ለ/ ይኸው ሄድፎን፣ ባለ 250 ኦም። የሚፈልገው ኃይል ያው 25 ሚሊዋት ነው፤ ቮልቴጁ ግን 2.5 ቮልት፣ ከረንቱ 10 ሚሊአምፒር ይሆናል።

ሐ/ ሃይፋይማን ኤችኢ6፣ ባለ 50 ኦም። ለመንዳት አስቸጋሪ በመሆኑ የታወቀ ሲሆን ሴንሲቲቪቲው በሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ነው። 26.5 ዴሲቤል ስለሚጎድለው 447 ሚሊዋት፣ 4.7 ቮልትና 95 ሚሊአምፒር ይፈልጋል።

እነዚህን ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ ጋር ከሚገጠም፣ 1 ቮልት ከሚያወጣ ተራ የዩኤስቢ አዳፕተር ጋር እናነጻጽር። ባለ 32 ኦሙ ሄድፎን በ1 ቮልት 31 ሚሊዋት ስለሚያገኝ 111 ዴሲቤል ይደርሳል፤ አዳፕተሩ ከረንቱን እስከቻለ ድረስ ተጨማሪ አምፕሊፋየር አያስፈልገውም። ባለ 250 ኦሙ 4 ሚሊዋት ብቻ ስለሚያገኝ 102 ዴሲቤል ላይ ይቆማል። ይህ ለአብዛኛው ዘመናዊ ቅጂ ይበቃል፤ በለሆሳስና በከፍተኛ ድምፅ መካከል ሰፊ ልዩነት ላለው ቅጂ ግን ያንሳል። ኤችኢ6 ከ96.5 ዴሲቤል አያልፍም፤ አምፕሊፋየር በእውነት የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ “ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ሄድፎን ብዙ ዋት ይፈልጋል” የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም። ባለ 250 ኦሙና ባለ 32 ኦሙ የሚፈልጉት ዋት አንድ ነው፤ የሚለያዩት አንዱ ቮልቴጅ፣ ሌላው ከረንት በመፈለጋቸው ነው። ሁለተኛ፣ በማስታወቂያ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ በ32 ኦም ወይም በ16 ኦም የተለካ ነው። ባለ 250 ኦም ሄድፎን ያለው ሰው ሊጠይቅ የሚገባው “ስንት ዋት?” ሳይሆን “ሳይቆረጥ ስንት ቮልት?” ብሎ ነው።

3. ትርፍ ጌይን የሚያስከትለው ጉዳት

ኃይል ቢተርፍ ምን ይጎዳል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ትርፍ ኃይል በራሱ አይጎዳም፤ ትርፍ ጌይን ግን ይጎዳል። ጌይን አምፕሊፋየሩ የገባለትን ቮልቴጅ ስንት እጥፍ እንደሚያደርግ የሚገልጽ ቁጥር ነው። መደበኛ የቤት ዲጂታል መለወጫ 2 ቮልት ያወጣል። ባለ 250 ኦሙ ሄድፎን 2.5 ቮልት ስለሚበቃው ከ1.25 የበለጠ ጌይን አይፈልግም። ጌይኑ 6 ወይም 10 ከሆነ ተጠቃሚው የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከመነሻው ብዙም ሳያሽከረክር ጆሮውን የሚያደነቁር ድምፅ ይደርሰዋል። ርካሽ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ በመነሻቸው አካባቢ የግራና የቀኙን ድምፅ እኩል አያደርጉም፤ ዘፋኙ መሐል መቆም ሲገባው ወደ አንድ ጆሮ ያዘነብላል። በመግቢያው ክፍል ያለ ኖይዝም ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይጎላል።

ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ማንነቱን ያልገለጸ አንድ መሐንዲስ በብዕር ስም ንድፉን ከነልኬቱ ለሕዝብ ያቀረበው ኦብጀክቲቭ2 የተባለው አምፕሊፋየር ነው። በዋናው ንድፍ ሁለት የጌይን ደረጃዎች አሉት፦ 2.5 እና 6.5። የማጉያ ክፍሉ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በፊት ይገኛል፤ ከፍተኛ ውጤቱም 7 ቮልት ገደማ ነው። 2 ቮልት ገብቶለት 6.5 ቢመረጥ የሚፈለገው 13 ቮልት ይሆናል፤ ይህ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። መቁረጡ የተፈጸመው ከመቆጣጠሪያው በፊት በመሆኑ ድምፁን መቀነስ አያድነውም። ያው መሣሪያ በ2.5 ጌይን ንጹሕ ሆኖ ይሠራል። አንድ ሰው “አምፕሊፋየሩ መጥፎ ነው” ብሎ ከመፍረዱ በፊት የጌይን ማብሪያውን ቢመለከት ብዙ ወጪ ይተርፈዋል።

4. “ንጹሕ” ማለት ምን ያህል ንጹሕ?

ንጽሕና በሁለት ነገር ይለካል፦ ሙዚቃ በሌለበት በሚሰማው የሽሽታ ኖይዝ፣ እና ሙዚቃው ላይ በሚጨመረው መዛባት።

ኖይዙን እናስላ። ባለ 32 ኦሙ ሄድፎን በ1 ቮልት 111 ዴሲቤል እንደሚያወጣ አይተናል። የአምፕሊፋየሩ ኖይዝ 10 ማይክሮቮልት ከሆነ ከ1 ቮልት በ100 ዴሲቤል ያንሳል፤ በጆሮ ላይ የሚያርፈው 11 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጸጥ ያለ የመኝታ ክፍል በሌሊት 30 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ይህ አይሰማም። ኖይዙ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን ግን 31 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በጸጥታ ውስጥ መሰማት ይጀምራል። በ1 ቮልት 125 ዴሲቤል የሚሰጥ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማዳመጫ ከሆነ ደግሞ ይኸው ኖይዝ 45 ዴሲቤል ይሆናል፤ በግልጽ ይረብሻል። እንግዲህ ለተራ ሄድፎን 10 ማይክሮቮልት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በታች መውረድ ትርጉም የሚኖረው እጅግ ሴንሲቲቭ ለሆኑ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች ብቻ ነው።

መዛባትን በተመለከተ፣ 0.01 በመቶ ማለት ከሙዚቃው በ80 ዴሲቤል የሚያንስ ነው፤ 0.001 በመቶ በ100፣ 0.0001 በመቶ ደግሞ በ120 ዴሲቤል። የሄድፎኖች የራሳቸው መዛባት በዝቅተኛ ድምፆች ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.1 በመቶ ይበልጣል። ከ0.001 ወደ 0.0001 በመቶ ለመውረድ የሚከፈለው ገንዘብ በሄድፎኑ መዛባት ሥር ተሸፍኖ ይቀራል።

የምንሰማው ሙዚቃም በሰንሰለቱ ውስጥ መግባት አለበት። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስና ከእርሱ በኋላ የመጣው ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው ሸክላዎች፣ ከዚያም የመጣው የካሴት ዘመን፣ የዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ናቸው። ሸክላ በሙዚቃውና በኖይዙ መካከል የሚሰጠው ርቀት በግምት 60 ዴሲቤል፣ ተራ ካሴት ደግሞ 50 ዴሲቤል ገደማ ነው። የኖይዝ ኃይሎች የሚደመሩት በኃይል መጠናቸው ስለሆነ፣ 50 ዴሲቤል ርቀት ባለው ካሴት ላይ 80 ዴሲቤል ርቀት ያለው መለስተኛ አምፕሊፋየር የሚጨምረው ኖይዝ 0.004 ዴሲቤል ነው። 100 ዴሲቤል ርቀት ያለው ውድ አምፕሊፋየር የሚጨምረው 0.00004 ዴሲቤል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ የለም። በሸክላና በካሴት የተቀዳ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ገንዘቡን ለተሻለ ቅጂ ቢያውለው ይጠቅመዋል።

5. የውጤት ኢምፒዳንስ

የሄድፎን ኢምፒዳንስ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ አንድ አይደለም። የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ስመ ኢምፒዳንስ 300 ኦም ቢሆንም በ100 ኸርዝ አካባቢ ወደ 500 ኦም ከፍ ይላል። አምፕሊፋየሩ የራሱ የውጤት ኢምፒዳንስ ካለው ሁለቱ የቮልቴጅ ማከፋፈያ ይሆናሉ፤ ሄድፎኑ ኢምፒዳንሱ ከፍ ባለበት ቦታ ብዙ ቮልቴጅ ስለሚደርሰው ድምፁ በዚያ ቦታ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አይኢሲ 61938 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ 120 ኦም የውጤት ኢምፒዳንስ ይመክር ነበር። በ120 ኦም ሲሰላ በኤችዲ 600 ላይ የሚመጣው ልዩነት 1 ዴሲቤል ገደማ ነው። የውጤት ኢምፒዳንሱ 1 ኦም ሲሆን ልዩነቱ 0.01 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል።

ኢምፒዳንሳቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሄድፎኖች ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ከ32 ወደ 64 ኦም የሚወጣ ሄድፎን 32 ኦም የውጤት ኢምፒዳንስ ካለው መሣሪያ ጋር ቢያያዝ ልዩነቱ 2.5 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ይህን ማንም ይሰማዋል። ተቀባይነት ያገኘው ደንብ የውጤት ኢምፒዳንስ ከሄድፎኑ ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው፤ ለ32 ኦም ከ4 ኦም በታች፣ ለ250 ኦም ከ31 ኦም በታች። የፕላነር ማግኔቲክ ሄድፎኖች ኢምፒዳንስ ጠፍጣፋ በመሆኑ በዚህ ብዙም አይነኩም።

6. ከግድግዳው የሚመጣው ችግር

በወረቀት ላይ እንከን የሌለው አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ ሊያጉረመርም ይችላል። የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ጉርምርምታው በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ ላይ ይሰማል። ትላልቅ ሞተሮች በሚነሡበትና ብየዳ በሚካሄድበት የኢንዱስትሪ አካባቢ የቮልቴጅ መዋዠቅ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ የጉርምርምታው ዋነኛ ምክንያት ብዙ ጊዜ መዋዠቁ ሳይሆን የግራውንድ ሉፕ ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በሁለት መንገድ ከግራውንድ ጋር ሲገናኙ በመካከላቸው የሚዞረው ከረንት። ስታቢላይዘር የቮልቴጁን መጠን እንጂ ይህን ሉፕ አያስተካክልም።

መለያው ቀላል ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪው ማሠራት፤ ጉርምርምታው ከጠፋ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ አይደለም። ዘላቂው መፍትሔ መሣሪያዎቹ የሚፈቅዱ ከሆነ በዩኤስቢ ፈንታ በኦፕቲካል ገመድ ማገናኘት፣ ወይም ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። ጉርምርምታን ለማጥፋት የግራውንድ እግርን መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በብረት ሳጥን የተሠራ መሣሪያ ብልሽት ቢደርስበት ሳጥኑ ላይ 220 ቮልት ይቀራል፣ ሄድፎኑም በአድማጩ ራስ ላይ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃን ይመለከታል። በአዳፕተሩ ላይ “ከ100 እስከ 240 ቮልት” የሚል ጽሑፍ ካለ ችግር የለም። 120 ቮልት ብቻ የሚል ትራንስፎርመር ከሆነ ግን በ220 ቮልት ላይ ሲሰካ ኮሩ ከአቅሙ በላይ ተሞልቶ ይቃጠላል። ኦብጀክቲቭ2ን የመሰሉ መሣሪያዎች የሚሠሩት በተለዋዋጭ ከረንት ትራንስፎርመር ስለሆነ ይህ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በሌላ በኩል ይኸው መሣሪያ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች እንዲሠራ ስለተነደፈ፣ መብራት ሲጠፋም ሆነ የግራውንድ ሉፕ ሲያስቸግር ያገለግላል።

7. ሁለት አምፕሊፋየሮችን በጆሮ ማወዳደር

በጆሮ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የድምፁን መጠን እኩል ማድረግ አለበት፤ ጥቂት ከፍ ያለው ሁልጊዜ “የተሻለ” መስሎ ይሰማልና። 1 ዴሲቤል የ12 በመቶ የቮልቴጅ ልዩነት ነው፤ ለፍትሐዊ ውድድር ግን ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል፣ ማለትም ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። ሄድፎኑ እንደተሰካ የ100 ኸርዝ ቶን ማጫወትና ቮልቴጁን በመልቲሜትር መለካት ይበቃል፤ ርካሽ መልቲሜትሮች የሚታመኑት በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ የ1,000 ኸርዝ ቶን አይመረጥም። ከዚያ ሌላ ሰው መሣሪያዎቹን እየቀያየረ፣ አድማጩ ሳያይ 16 ጊዜ ይገምት። በግምት ብቻ 12 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 12 ያገኘ ሰው ልዩነቱን ሰምቷል ለማለት ይቻላል።

የመፈተኛ ሙዚቃ ምርጫም ያስፈልጋል። በገና ለባስ ድምፅ ጥሩ መፈተኛ ቢመስልም፣ ለመዛባት ፍተሻ አይመችም። ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት እንዚራ የተባሉት የቆዳ ቁርጥራጮች ሆን ተብሎ የሚነዝር ድምፅ ስለሚፈጥሩ፣ ያልለመደው ሰው ውበቱን እንደ መሣሪያ ብልሽት ሊቆጥረው፣ የለመደው ደግሞ እውነተኛ መዛባትን ከንዝረቱ ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል። ለመዛባት ረዘም ተደርጎ የተነፋ ዋሽንት፣ ለግራና ቀኝ ሚዛን ብቻውን የሚሰማ የሰው ድምፅ፣ ለኖይዝ ደግሞ በሁለት ሙዚቃዎች መካከል ያለው ጸጥታ ይሻላሉ።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ስሌት የሚከተለው የምርጫ ቅደም ተከተል ይገኛል። በመጀመሪያ ሄድፎኑ ለ110 ዴሲቤል የሚፈልገውን ቮልትና ሚሊአምፒር ማስላት፤ ያለው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይህን ከሰጠ ምንም አለመግዛት። ካልሰጠ ቮልቱንና ሚሊአምፒሩን የሚያሟላ፣ የውጤት ኢምፒዳንሱ ከአንድ ስምንተኛ በታች የሆነ፣ ኖይዙ 10 ማይክሮቮልት ገደማ፣ መዛባቱ ከ0.01 በመቶ በታች የሆነና ዝቅተኛ ጌይን ያለው መሣሪያ መፈለግ። ከዚያ የኃይል አዳፕተሩ ለ220 ቮልት የሚሆን መሆኑን ማረጋገጥ። እነዚህን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን መውሰድ።

ለምርምር የሚተርፍ ጥያቄም አለ። በቂሊንጦና በአጎራባች መንደሮች ቤቶች ውስጥ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ምን ያህል እንደሆነና የግራውንድ መስመሮች በምን ሁኔታ እንዳሉ በኦሲሎስኮፕና በስፔክትረም ትንተና መለካት ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ተገቢ ርእስ ነው። ውጤቱ ከሙዚቃ አድማጮች ይልቅ ለቤቶቹ ነዋሪዎች ደኅንነት ይበልጥ ይጠቅማል።